ኤሌክትሪክ ልግዛ ወይስ ሀይብሪድ? መጀመሪያ ሽቦውን እንይ

ጥያቄው የመጣልኝ ከአንድ የጀሞ ነዋሪ ነው። ኮንዶሚኒየም ሶስተኛ ፎቅ ላይ ይኖራል፣ የ2007 ስሪት ያሪስ አለው። በቀን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይነዳል። በወር ሁለቴ ደግሞ እናቱን ለማየት አዳማ ይወርዳል። "የቤንዚን ሰልፍ አንገሽግሾኛል። ያሪሷን ሸጬ ትንሽ ጨምሬበት ኤሌክትሪክ ልግዛ? ወይስ ያገለገለ ሀይብሪድ (ቤንዚንም ባትሪም የሚጠቀም) ይሻላል? ጋዝ ማስገጠምስ ያዋጣል?" ይላል።

ወንድሜ፣ የሰልፉን ምሬት አውቀዋለሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። መኪናህ ማታ የት ነው የሚያድረው? ከቆጣሪህ እስከዚያ ቦታስ ስንት ሜትር ነው? ሰው ሁሉ ስለ ባትሪውና ስለ ስክሪኑ ትልቀት ይጠይቀኛል እንጂ ይሄን የሚጠይቀኝ የለም፤ ኤሌክትሪክ መኪና ገዝቶ የሚደሰተውንና የሚቆጨውን የሚለየው ግን እሱ ነው።

ሒሳቡን አብረን እንስራው። መካከለኛ ኤሌክትሪክ መኪና ቻርጅ ሲደረግ የሚባክነውን ጨምረህ ለ100 ኪሎ ሜትር 20 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል ብለህ ያዝ። ያንተ 40 ኪሎ ሜትር 8 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ተራ ሶኬት ላይ የሚሰካው ትንሹ ቻርጀር በ10 አምፒር ሲሰራ በሰዓት 2.2 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይስባል። ስለዚህ አራት ሰዓት ይበቃሃል። ማታ መብራት ለሁለት ሰዓት ጠፍቶ ቢመጣ እንኳ ጠዋት ሞልቶ ታገኘዋለህ። ሻጮች ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ባለ 7 ኪሎዋት ቻርጀር ካልገዛህ አይሆንም ይሉሃል፤ ላንተ አያስፈልግህም።

የሚያስፈልግህ ከራስህ ቆጣሪ የወረደ፣ ለብቻው የተሳበ መስመር ነው። የራሱ ብሬከር ያለው፣ ቢያንስ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ ርቀቱ ከ30 ሜትር ካለፈ ባለ 6። ከሁሉም በላይ ደግሞ የመሬት ሽቦ፣ ያውም በትክክል የተቀበረ። ብዙ ቤት ሶኬቱ ላይ ሶስተኛው ቀዳዳ አለ፣ ከኋላው ግን ምንም አልታሰረም። ቻርጀሩ ይሄን ሲያውቅ ቀይ መብራት አብርቶ አልሰራም ይላል። ሰው ታዲያ ቻርጀሩ ተበላሽቷል ብሎ ይዞት ይመጣል።

በመስኮት ኤክስቴንሽን አውርጄ እሰካለሁ እንዳትለኝ፣ አደራህን። ባለፈው ክረምት አንድ ደንበኛዬ ቀልጦ ከሶኬቱ ጋር የተጣበቀ ኤክስቴንሽን አምጥቶ አሳይቶኛል። ልጆቹ ከሚተኙበት ክፍል ነበር የተሰካው። ውሃ ማሞቂያ ወይም ምጣድ ለተወሰነ ጊዜ ሰርቶ ይጠፋል፤ መኪና ግን ለሰዓታት ሳያቋርጥ ይስባል። ቀጭን ሽቦ ይሄን አይችልም።

ኮንዶሚኒየም ስለሆነ ከነዋሪዎች ኮሚቴ ጋር መነጋገርህ አይቀርም። መኪናውን ከመግዛትህ በፊት ተነጋገር፣ ፈቃዱንም በጽሁፍ ያዝ።

ወጪውን ለማወዳደር የራስህን የመብራት ደረሰኝ አውጣ። አዳማን ጨምሮ በወር ወደ 1,600 ኪሎ ሜትር ትነዳለህ፣ ይሄ 320 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ታሪፉ ፍጆታ ሲጨምር እርከኑም እንደሚጨምር አትርሳ። በሌላ በኩል ያሪስህ በከተማ ጭንቅንቅ በመቶ ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ብትጠጣ በወር 128 ሊትር ነው። ሁለቱን በዛሬው ዋጋ አባዛቸው።

አዳማ አያስፈራህ። ሲወርዱ 700 ሜትር ያህል ቁልቁለት ነው፣ መኪናው በቁልቁለቱ ባትሪውን እየሞላ ይሄዳል። ሲመለስ ያንን ዳገት ለመውጣት 4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ተጨማሪ ይፈጃል። ባለ 60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ደርሶ መልሱን ይችለዋል። በፍጥነት መንገዱ ላይ 120 እየነዳህ ከሆነ ግን ቶሎ ይወርድብሃል፤ 90 ላይ ያዘው። ወረቀቱ ላይ 500 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ቢል አንተ 350 ብለህ አስብ። አንድ ደስ የሚል ነገር ልጨምርልህ፤ የቤንዚን ሞተር አዲስ አበባ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ያህል ያጣል፣ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ምንም አያጣም። ዳገት ላይ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታወቅሃል።

ያገለገለ ኤሌክትሪክ ከሆነ የምታየው፣ የደላላውን ወሬ ትተህ የባትሪውን ጤና በኮምፒውተር አስፈትሽ። ከስርም አስነስተህ እይ። ባትሪው ወለሉ ስር ነው፣ ኮብልስቶንና ጉብታ የመታው ከሆነ ጭረቱ ይታያል። ጎድጉዶ የገባ ከሆነ መኪናውን አትግዛው። ለቻይና ገበያ የተሰራ ከሆነ የቻርጅ መሰኪያው ጂቢ/ቲ የሚባለው ነው፤ ቻርጀሩ አብሮት እንዳለ አረጋግጥ።

ሀይብሪድስ? መኪናው መጥፎ አይደለም። ጭንቅንቅ ላይ ጥሩ ይቆጥባል። ነገር ግን ተራው ሀይብሪድ አይሰካም፣ ጉልበቱ ሁሉ የሚመጣው ከቤንዚን ነው። ሰልፉ ይቀንስልሃል እንጂ አይቀርልህም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል እንዳይገባ ስለተከለከለ፣ አገር ውስጥ የምታገኘው የቆየ ነው። ባትሪውን የሚያቀዘቅዘው ፋን በብዙዎቹ ከኋላ ወንበር አጠገብ ነው፣ የኛ አቧራ ይደፍነዋል፣ ባትሪው ይግላል፣ ከዚያ ይሞታል። የምትገዛ ከሆነ መጀመሪያ እሱን አስከፍተህ እይ።

ጋዙን እርሳው። የኩሽና ሲሊንደር የኋላ ኮፈን ውስጥ አስሮ መሄድን እኔ በጋራዤ አልሰራም፣ ለማንም አልመክርም።

እና ለኔ እንዲህ ነው፦ መስመሩ ከተፈቀደልህ ኤሌክትሪክ ግዛ። ካልተፈቀደልህ ያሪሷን አትሽጣት። ሻማዋን ቀይርላት፣ የአየር ማጣሪያዋን አጽዳላት፣ ጎማዋን በትክክል አስነፋላት፣ ገና ታገለግልሃለች። አሁን ሜትር ይዘህ ውረድና ከቆጣሪው እስከ ማቆሚያው ለካ። ቆጣሪው ላይ ያለውን ብሬከር ቁጥርም ጻፍልኝ፣ የሽቦውን ውፍረት ቁርጥ አድርጌ እነግርሃለሁ።