የገና ግብዣና የቦርከና ወንዝ

ጥያቄ፦ የደሴ ከተማ ነዋሪ ነኝ። ለዘንድሮው ገና ሙስሊምም ክርስቲያንም የሆኑ 30 ያህል ጎረቤቶችንና ዘመዶችን ራት ጠርቻለሁ። ባለፈው ዓመት ሥራ ይቅለልልኝ ብዬ የላስቲክ ሳህንና ኩባያ ገዝቼ ነበር፤ በማግስቱ የወጣው ሦስት ማዳበሪያ ሙሉ ቆሻሻ ግን እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ዘንድሮ አካባቢውን ሳላቆሽሽ እንግዶቼን በወጉ ማስተናገድ እፈልጋለሁ። ባለቤቴ ግን ዕቃ መዋስን እንደ ውርደት ይቆጥረዋል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ያ ቆሻሻ ከደጅዎ ቢነሣም ከሀገር አልጠፋምና ጭንቀትዎ ተገቢ ነው። በደሴ ቦዮች የተጣለው ሁሉ ክረምት ሲገባ ወደ ቦርከና ይወርዳል፤ ቦርከናም ኮምቦልቻን አልፎ፣ የጨፋን ረግረግ አጠጥቶ ወደ አዋሽ ይገባል። በዚያ የሚግጥ ከብት ሣሩን ከፌስታል ለይቶ አይበላም። እኔ ራሴ በአንድ ፋሲካ የበግ ጨጓራ ሳጥብ እንደ ገመድ የተጠማዘዘ ሰማያዊ ፌስታል ከውስጡ ስቤ አውጥቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ያለ ዘንቢል ገበያ ወጥቼ አላውቅም። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅም ፌስታልን ስለከለከለ፣ የበዓሉን አስቤዛ ሲሸምቱ ዘንቢልዎን አይርሱ።

ወደ ራቱ ስመለስ፣ አስቀድሜ የምመክርዎ 30 ሳህን የሚለውን ሐሳብ እንዲተዉት ነው። አምስት አምስት ሰው በአንድ ትሪ ከቀረበ ስድስት ትሪ ይበቃል፤ ስድስት ትሪ ደግሞ ከሁለት ቤት አይታጣም። ብርጭቆና አግዳሚ ወንበር ከቅሬያችሁ (ከዕድራችሁ) ይጠይቁ። የቅሬው ዕቃ በምታዋጡት ገንዘብ የተገዛ የጋራ ንብረታችሁ በመሆኑ፣ ወስዶ፣ አጥቦና ቆጥሮ መመለስ ውርደት እንዳልሆነ ለባለቤትዎ ያስረዷቸው። ዕቃው ከኀዘን ቤት በቀር አይወጣም የሚል ደንብ ካለ ግን ደንቡን አክብረው ከጎረቤት ይዋሱ።

ብዙ ሰው የላስቲክ ሳህን የሚገዛው ስንፍና ይዞት ሳይሆን የሙስሊምና የክርስቲያን ዕቃ እንዳይቀላቀል ተጠንቅቆ መሆኑን አውቃለሁ፤ ጥንቃቄውም መልካም ነው። ይሁን እንጂ ወሎ ለዚህ የቆየ መላ አለው፦ ዶሮውን ከነሽንኩርቱና ከነቅቤው ለአንዲት ሙስሊም ጎረቤትዎ ያስረክቡ፤ እርሳቸው ወጉን ጠብቀው አሳርደው፣ በራሳቸው ድስት ሠርተው፣ በራሳቸው ትሪ ይዘውት ይምጡ። ለመጠጥም በፕላስቲክ ጠርሙስ ከሚሸጠው ይልቅ ሁሉም የሚጠጣውን የገብስ መጠጥ፣ ቀሪቦን፣ በእንስራ ያዘጋጁ። ጠላ ከጠመቁ አተላውን ላም ላለው ጎረቤት ይስጡት።

ምግቡን በልክ መሥራት ደግሞ ከዕቃው አያንስም። ከ40 ቀን በላይ የጾመ ሆድ በመጀመሪያው ቀን የሚችለው ጥቂት ስለሆነ፣ በየትሪው ጥቂት ጥቂት እያቀረቡ ሲያልቅ ይጨምሩ፤ ተነካክቶ የሚደፋው ምግብ በዚህ ይቀንሳል። ያልተነካው እንጀራ ድርቆሽ ይሆናል፤ ጥሬ ሥጋ ከተረፈም የታኅሣሥ ደረቅ ብርድ ለቋንጣ ይመቻል።

እንጀራውን በኤሌክትሪክ ምጣድ ቢጋግሩ እመርጣለሁ፤ የሀገራችን መብራት ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውኃ ነው። በዋዜማው መብራት እንዳያስቸግርዎ ሁለት ቀን ቀድመው ይጨርሱ። በእንጨት መጋገር ግድ ከሆነ በሦስት ጉልቻ ሳይሆን እሳቱን ከልሎ እንጨት በሚቆጥብ ምድጃ ይጠቀሙ።

ለጉዝጓዝ ከሥሩ ሳይነቀል የታጨደ ቄጤማ ይግዙ። በማግስቱ ጠርገው የጓሮ ጎመንዎን ሥር ያልብሱበት፤ የበልጉ ዝናብ እስኪመጣ ድረስ እርጥበቱን ይይዝልዎታል።