ለ12 ዓመት ልጅ የትኛው ቤዝ ጊታር ይሻላል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ12 ዓመት ልጄ በቤተ ክርስቲያናችን የልጆች መዘምራን ውስጥ ያገለግላል። አሁን ቤዝ ጊታር ካልተማርኩ ብሎ አስቸግሮኛል። የሚፈልገው ባለ አምስት ክር ነው፤ የትልልቆቹ ቤዚስት የሚጫወተው እሱን ስለሆነ። ወንድሜ ለገና ከቨርጂኒያ ይመጣልና አምጣለት ብዬዋለሁ። አቅማችን ግን ከ300 ዶላር አያልፍም። እዚህ ሐዋሳም አንድ ያገለገለ ቤዝ በርካሽ አግኝቻለሁ። ሰዎች ደግሞ "መጀመሪያ ቦክስ ጊታር ይማር" ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?
አንዲት እናት፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ከቦክስ ጊታሩ ልጀምር፣ እሱ ቶሎ ያልቃል። አያስፈልገውም። ቤዝ የወደደ ልጅ ቤዝ ይያዝ። ቤት ውስጥ ቦክስ ጊታር ካለ ግን የላይኞቹ አራት ወፋፍራም ክሮች ስማቸው ከቤዝ ክሮች ጋር አንድ ነው፤ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል። ቤዙ እስኪመጣ የድምፆቹን ቦታ ይልመድበት።

ዋናው ነገር የልጅዎ ግራ እጅ ነው። ቤዝ አስተምራለሁ፤ ጀምረው የሚተዉ ልጆችን ሳይ አብዛኞቹ ሙዚቃው ከብዷቸው አይደለም። ጣታቸው አይደርስም፣ ክሩ ይጠነክርባቸዋል፣ እጃቸውን ያማቸዋል። ከዚያ "እኔ አልችልም" ይላሉ። ልጁ ይችላል፤ ጊታሩ ነው ልኩ ያልሆነው። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ገና ሲገዛ ማስቀረት ይቻላል።

ደንበኛው፣ ማለትም የተለመደው ረጅም ቤዝ፣ የክሩ ርዝመት 34 ኢንች ነው፤ 86 ሴንቲ ሜትር ከምናምን። የአሜሪካው ጊታር ሠሪ ፌንደር በፈረንጆቹ 1951 ያወጣው ፕሪሲዥን ቤዝ በዚህ ልክ ነበር፣ ዛሬም አብዛኛው ቤዝ የሚሠራው በሱ ነው። በዚህ ልክ ከአንደኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በተርታ ከተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች) እስከ አራተኛው 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ማስመሪያ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡና ልጅዎ የግራ እጁን ጠቋሚ ጣት ዜሮው ላይ፣ ትንሿን ጣት 13 ላይ እንዲያደርግ ይጠይቁት። ሳይጨነቅ ከደረሰ ደንበኛውን ቤዝ መያዝ ይችላል። እጁ ከተወጠረ አጭሩን ይግዙለት።

አጭሩ 30 ኢንች ነው። ያው የፍሬቶች ርቀት ወደ 11 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይወርዳል። ክሩ አጭር ስለሆነ በዚያው ቅኝት ላይ ብዙ አይወጠርም፤ ለትንሽ ጣት ይለሰልሳል። መጫወቻ ነው የሚልዎት ካለ አይስሙ። የቢትልሱ ፖል ማካርትኒ የታወቀበት የሆፍነር ቤዝ አጭር ነው።

ለወንድምዎ እነዚህን ስሞች ይስጡት። አጭር ከሆነ ስኳየር ብሮንኮ፣ ወይም ከሱም የሚያጥረው አይባኔዝ ማይክሮ፤ 28.6 ኢንች ነው። ረጅም ከሆነ አይባኔዝ ጂኤስአር 200 ወይም ያማሃ ቲአርቢኤክስ 174። አዲሳቸው እንኳ ከአቅማችሁ አይወጣም። ጂኤስአሩ ውስጡ 9 ቮልት ባትሪ አለው። የኬብሉ ጃክ ጊታሩ ላይ ተሰክቶ ካደረ ባትሪው ያልቃል፤ ልጁ ሲጨርስ መንቀል ይልመድ።

አምስተኛው ክር ይቆይ። ድምፁ ከሚ በታች የሚወርድ ወፍራም ሲ ነው። እሱን ለመያዝ አንገቱ ይሰፋል፣ ልጁ የማይጫወተውንም ክር በእጁ አፍኖ መያዝ አለበት። ጀማሪ እጅ ላይ ያ ሁሉ ሸክም ነው። ትዝታም፣ ባቲም፣ አምባሰልም፣ አንቺ ሆዬም በአራት ክር ሙሉ ናቸው። ቅር ካለው የድሮ የሮሃ ባንድ ካሴቶችን አብራችሁ ስሙ፤ የጆቫኒ ሪኮን ቤዝ ብቻ ይከተል። ቤዙ ከበሮውን ይዞ ዘፋኙን እንዴት እንደሚሸከም ያኔ ይገባዋል። የክር ቁጥር ጥያቄው ያኔ ይቀንሳል።

ሐዋሳ ያገኙትን ቤዝ ሳያዩ አይተዉት፣ ሳይፈትሹም አይክፈሉ። የሚጫወት ሰው ይዘው ይሂዱ። መጀመሪያ ጊታሩን ከራሱ በኩል ይዞ፣ አናጢ የጣውላ ጠርዝ እንደሚያየው፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አንገቱን በርዝመቱ ይይ። ቀጥሎ ወፍራሙን ክር አንደኛው ፍሬትና መጨረሻው ፍሬት ላይ አንድ ላይ ተጭኖ፣ መሃል ላይ፣ ሰባተኛውና ስምንተኛው ፍሬት አካባቢ፣ በክሩና በፍሬቱ መካከል ያለውን ክፍተት ይመልከት። ቀጭን ካርድ የሚያህል ክፍተት ጤነኛ ነው። ሰፊ ከሆነ አንገቱ ጎብጧል፤ ውስጡ ያለውን ብረት በትንሿ ቁልፍ በማጥበቅ ብዙ ጊዜ ይስተካከላል። በክረምትና በበጋ መካከልም እንጨቱ ትንሽ ስለሚንቀሳቀስ ይህ አያስደንግጥዎ። አንገቱ እንደ ገመድ ከተጠማዘዘ ግን፣ በነጻ ቢሰጡዎትም ይለፉት።

ከዚያ እያንዳንዱን ፍሬት በእያንዳንዱ ክር ይምታ። የሚሞት ወይም የሚንቀጠቀጥ ድምፅ አለ? በስልክ መቃኛ ቃኝቶ 12ኛው ፍሬት ላይ ሲጫን ያው ድምፅ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ መውጣት አለበት። አምፕ (የድምፅ ማጉያ) ላይ ሰክቶ የድምፅ ቁልፎቹን ሲያዞር ቢንጫጫ ብዙ አይጨነቁ፤ ማጽጃ ይበቃዋል። የዛገ ክርም ይቀየራል።

አሁን ያልጠየቁኝን ልጨምር፣ አምፑን። ገንዘቡን ሁሉ ጊታሩ ላይ አይጨርሱ። ግን ወንድምዎ አምፕ ከአሜሪካ አያምጣ። የዚያ ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ነው፣ የኛ 220። ያለ ትራንስፎርመር ከተሰካ ይቃጠላል፤ ትራንስፎርመሩ ደግሞ ሌላ ወጪ ነው። ለቤት ልምምድ ቮክስ አምፕለግ የሚባለውን የቤዙን ዓይነት ያምጣለት። ጊታሩ ላይ የሚሰካ ትንሽ ነገር ነው፣ በሁለት ትንንሽ ባትሪ ይሠራል፣ የሚሰማው በጆሮ ማዳመጫ ነው። መብራት ቢጠፋም ይለማመዳል፣ እርስዎም ይተኛሉ። ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ የድምፅ ባለሙያው በሚክሰር በኩል ያስገባለታል። የቤታችሁ ቴፕ ላይ ግን እንዳይሰካው፤ የቤዝ ድምፅ ትንሽ ስፒከር ይቀድዳል።

ሻንጣው ውስጥ ሦስት ነገር ይጨመር፦ ሰፊ ማንገቻ፣ ጥሩ ኬብል፣ አንድ ትርፍ የክር ስብስብ። አጭሩን ከመረጣችሁ ክሩም የአጭር ቤዝ መሆኑን ወንድምዎ ሲገዛ ያረጋግጥ፤ እዚህ ፈልጎ ማግኘቱ ያደክማችኋል።