ለወጣት ጠማቂዎች፦ ሆፕ ከመጨመራችሁ በፊት ድስቱን እዩ

ውድ ልጆቼ፣

አሜሪካ ሆናችሁ፣ 21 ዓመት ሞልቷችሁ፣ ቅዳሜያችሁን በቢራ ጠመቃ የምታሳልፉ ልጆች አብዛኛውን ጊዜ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ጋሼ፣ የታዘዘውን ሆፕ በሙሉ ጨምሬ ቢራዬ ለምን ሳይመር ጣፈጠብኝ?» ሆፕ ማለት ለቢራ ምሬትና መዓዛ የሚሰጠው አበባ ነው። ዕድሜዬን ቢራ ፋብሪካ ውስጥ ስለጨረስኩ አጭር መልስ መስጠት እችል ነበር። ነገር ግን ጉዳዩ ከቤታችን ልማድ ጋር ስለሚጋጭ ትንሽ ላብራራው።

እናቶቻችን ጠላ ሲጠምቁ ጌሾውን አብዛኛውን ጊዜ አይቀቅሉትም። ወቅጠው ጥንስሱ ውስጥ ይጨምሩታል፤ ምሬቱም በቀናት ውስጥ ቀስ እያለ ይወጣል። አነሰ ከተባለ ጌሾ ይጨመራል፣ አለቀ። ሆፕ ጠባዩ ሌላ ነው። የምሬቱ ምንጭ አልፋ አሲድ የሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ እሱ ደግሞ ቀዝቃዛ ፈሳሽ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም። ሲፈላ ግን ይለወጥና ይሟሟል፤ የምንቀምሰው ያንን የተለወጠውን ነው። ስለዚህ ጌሾ ያጣ ሰው ሆፕ ድፍድፍ ውስጥ ቢነክር መዓዛውን እንጂ የሚጠብቀውን ምሬት አያገኝም።

አሁን ወደ ድስታችሁ። በብቅል ኤክስትራክት (ከብቅል ወጥቶ በተዘጋጀ የብቅል ስኳር) የምትጠምቁ ልጆች ትልቅ ድስት ስለሌላችሁ 2.5 ጋሎን ውሃ ላይ ኤክስትራክቱን በሙሉ ትገለብጡና ታፈላላችሁ፤ በኋላ ውሃ ጨምራችሁ 5 ጋሎን ታደርሱታላችሁ። ችግሩ ያለው እዚህ ነው። ስኳር የበዛበት ወፍራም ፈሳሽ ከሆፑ የሚወስደው ምሬት ያንሳል። ብዙ የቤት ጠማቂዎች የሚጠቀሙበትን የቲንሴት ቀመር ይዘን እንቁጠረው። 6 በመቶ አልፋ ያለው 28 ግራም ካስኬድ ሆፕ ለ60 ደቂቃ ሲፈላ፣ የፈሳሹ ጥግግት (ከውሃ ጋር ሲነጻጸር ያለው ክብደት) 1.050 ከሆነ ከአልፋ አሲዱ 23 በመቶ ያህሉ ወደ ምሬት ይለወጣል። ያው ኤክስትራክት በግማሽ ውሃ ሲፈላ ግን ጥግግቱ 1.100 ይሆንና ወደ 15 በመቶ ይወርዳል። በ5 ጋሎን ቢራ ሲሰላ የመጀመሪያው 20 አይቢዩ ገደማ፣ ሁለተኛው 13 ገደማ ይሰጣል። አንድ አይቢዩ በግምት በሊትር አንድ ሚሊግራም የምሬት ንጥረ ነገር ማለት ነው። ቀመሩ ግምት ስለሆነ ላቦራቶሪን አይተካም፤ አቅጣጫውን ግን በደንብ ያሳያል።

መፍትሔው ወጪ የለውም። ሲጀመር የኤክስትራክቱን ግማሽ ብቻ አስገቡና ሆፑን አፍሉ፤ ቀሪውን የመጨረሻዎቹ 10 ደቂቃዎች ላይ ጨምሩ። ስትጨምሩ ድስቱን ከእሳት አውርዱ፣ አለዚያ ፈሳሹ ኤክስትራክት ከታች ይቀመጥና ያርራል። በዚህ መንገድ የቢራው ቀለምም ብዙ አይጠቁርም። የኤክስትራክቱ ጣሳ ላይ ሆፕ አስቀድሞ እንደተጨመረበት የሚገልጽ ጽሑፍ ካያችሁ ግን ስሌቱ ሌላ ነው፤ ከመግዛታችሁ በፊት አንብቡ።

ሰዓት ላይ ብዙ አትጨነቁ። 15 ደቂቃ የፈላ ሆፕ 60 ደቂቃ የፈላው ከሚሰጠው ምሬት ግማሽ ያህሉን ይሰጣል። ከ60 ወደ 90 ማራዘም ግን የሚያተርፈው 7 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ለእኔ ጋዝ ማባከን ነው። መጨረሻ ላይ የሚገባው ሆፕ ለመዓዛ ነው።

ዴንቨርና አውሮራ ያላችሁ ልጆች ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለባችሁ። 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ውሃ በ95 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ አልፋ አሲዱ የሚለወጥበት ፍጥነትም ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር በሲሶ ያህል ይቀንሳል። ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ በሚፈላበት አዲስ አበባ የሠራ ሰው ይህን አይዘነጋውም። ዋሽንግተን ዲሲ ያለ ጓደኛችሁ የላከላችሁን መጠን እንዳለ አትቅዱ፤ ሆፑን ትንሽ ከፍ አድርጉ።

የሆፑ ፓኬት ላይ ያለውን የአልፋ ቁጥር ሁልጊዜ ተመልከቱ። ማግነም የተባለው ሆፕ 12 በመቶ ከሆነና መመሪያው 6 በመቶ ካስኬድ ካዘዘ፣ ለምሬቱ የሚያስፈልጋችሁ ግማሽ ክብደት ነው። የአንድ ሆፕ ቁጥርም ከምርት ዘመን ምርት ዘመን ይለያያል። የተረፈውን አየር እንዳይገባው አሽጋችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ፤ ክፍቱን ከርሞ ያገኛችሁት ሆፕ የተጻፈበትን ያህል አይመርም።

ስትቀምሱም አትቸኩሉ። ድስት ውስጥ ያለው ገና ያልተብላላ ስለሆነ ጣፋጩ ምሬቱን ይሸፍነዋል፤ ገና የተብላላው ደግሞ ከልኩ በላይ ሻካራ ይመስላል። ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት ሳምንት ከቆየ በኋላ ፍረዱ። ያን ጊዜም ምሬቱ ካነሰ ቀጣዩን ስትጠምቁ ሆፑን ብቻ ለውጡ፤ ብቅሉንና እርሾውን እንዳሉ ተዉአቸው፣ አለዚያ የቱ እንደሠራ አታውቁም። ከበዛ ደግሞ ከቢራው ውስጥ ምሬት ማውጣት አይቻልም፤ ሲቀዳ ሆፕ ካነሰበት ሌላ ቢራችሁ ጋር ደባልቁት።