እንቁላሉን መልሱላቸው

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። አባታችን 61 ዓመታቸው ነው። አምና በሄፓታይተስ ቢ የተነሳ ሲሮሲስ (የጉበት መጠባሰስ) እንዳለባቸው ተነገረን፤ ሆዳቸው ውሃ እየቋጠረ ሁለት ጊዜ ተቀድቶላቸዋል። አንድ ዘመዳችን «ፕሮቲን ለጉበት መርዝ ነው» ስላለን ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት ካቆምንባቸው ሦስት ወር ሆነ። አሁን ደግሞ ቀን ሲያንቀላፉ ይውሉና ሌሊት ቤቱን ሲዞሩ ያድራሉ። ባለፈው ሳምንት ሽንት ቤት ብለው የቁም ሣጥኑን ከፈቱ። እናታችን የምትወስደው የእንቅልፍ ኪኒን አለ፤ ግማሹን ብንሰጣቸውስ? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ልጄ፣ ከኪኒኑ ልጀምር። አትስጧቸው፤ ግማሹንም ሩቡንም። እናትሽን በወጉ የሚያስተኛው ኪኒን አባትሽን ጭራሽ ራሳቸውን ሊያስታቸው ይችላል። በቃሬዛ ከመጡብን የጉበት ሕመምተኞች ስንቶቹን «ትንሽ እንዲያርፉ ብለን ነው» የሚል አስታማሚ ተከትሏቸው መጥቷል!

ቀንና ሌሊት የተገለባበጠባቸው እንቅልፍ አጥተው አይመስለኝም። ጉበት ጠባሳ በጠባሳ ሲሆን ከአንጀት የሚመጣው ደም በውስጡ ማለፍ ያቅተውና ሳይጣራ በጎን ሾልኮ ይሄዳል። አሞኒያ የሚባለው ቆሻሻ ከነደሙ አንጎል ይደርሳል። ሄፓቲክ ኢንሴፋሎፓቲ የምንለው ይህ ነው፤ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚረብሸው እንቅልፍን ነው። ስለዚህ ቀጠሯቸውን አትጠብቁ፣ በዚህ ሁለት ቀን ውስጥ ሐኪማቸው ይያቸው።

በዘመዳችሁ አልፈርድም። እ.ኤ.አ. በ1893 ፓቭሎቭ (ያ የውሻና የምራቁ ሰው) ከባልደረቦቹ ጋር ደማቸው ጉበትን ዘሎ እንዲያልፍ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ውሾች ሥጋ ቢያበላቸው ተንገዳገዱ፣ ራሳቸውን ሳቱ። እኛም ያንን ይዘን ስንት ዘመን ሙሉ ታማሚ ስንከለክል ኖርን። እኔ ራሴ ወጣት ሐኪም ሳለሁ አንድ አባት አልጋ ራስጌ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ፕሮቲን ክልክል» ብዬ ለጥፌያለሁ። ሚስታቸው የተቀቀለ እንቁላል በእንጀራ ጠቅልላ ስታጎርሳቸው ደርሼባት በሰው ፊት ተቆጣኋት። ከወር በኋላ የደም ግፊት መለኪያው ጨርቅ ክንዳቸው ላይ ሁለቴ ይዞር ጀመር። ልክ የነበረችው እሷ ናት።

ነገሩን ፈትሸው ያዩት የባርሴሎና ሐኪሞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ጥናት፣ በዚሁ ችግር ሆስፒታል የገቡ 30 ታማሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። ግማሾቹ ለሦስት ቀን ያለ ምንም ፕሮቲን ቆይተው ቀስ በቀስ ተጨመረላቸው፤ ሌሎቹ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በቂ ፕሮቲን በሉ። መደናገሩ በሁለቱም ወገን እኩል ነው የተሻለው። የተከለከሉት ግን የገዛ ሰውነታቸውን ፕሮቲን ይበልጥ አፈረሱ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ጉበት ሲደክም አሞኒያን ተቀብሎ የሚያግዘው ጡንቻ ነውና። አባትሽን እንቁላል ስትከለክሏቸው የቀራቸውን ረዳት ነው የቀነሳችሁባቸው።

ዛሬ የሚመከረው በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ነው። ውሃው ሳይቆጠር 60 ኪሎ ቢሆኑ ቢያንስ 72 ግራም ማለት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም ገደማ አለው። ምስርና ሽሮ ደግሞ እንዲያውም ይስማማቸዋል፣ የሆድ ድርቀትም ይከላከላሉ። ጨው ግን ይቀነስ፤ በርበሬውና ሽሮው ሲፈጭ ጨው ገብቶበት እንደሆነ እናትሽን ጠይቂያት፤ ብዙ ቤት የሚረሳው እሱ ነው።

ሳይበሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት ለእሳቸው አይሆንም። የእንዲህ ዓይነት ታማሚ ሰውነት አንድ ሌሊት ሳይበላ ሲያድር፣ ጤነኛ ሰው ሁለት ሦስት ቀን እንደጾመ ያህል ነው። ጿሚ ከሆኑ የንስሐ አባታቸውን አነጋግሩ። ሊተኙ ሲሉም የሆነ ነገር ይቅመሱ፣ አጥሚትም ቢሆን ዳቦም ቢሆን። በኒውዚላንድ አንድ ዓመት በተደረገ ጥናት ተጨማሪ ምግቡን ማታ የወሰዱት የሰውነት ሥጋ ጨመሩ፤ ያንኑ ቀን ቀን የወሰዱት አልጨመሩም።

ሐኪሙ ላክቱሎስ የሚባል ሽሮፕ ሊያዝላቸው ይችላል። ልኩ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ለስለስ ያለ ሰገራ ነው። «ይበልጥ ያጽዳቸው» ብላችሁ ብትጨምሩበት ውሃቸውን ጨርሶ መልሶ ያደናግራቸዋል። ለመሆኑ ነገሩን ምን ቀሰቀሰው? ድርቀት ሊሆን ይችላል፣ የሽንት ማብዣው መድኃኒት በዝቶም ሊሆን ይችላል፣ የሆዱ ውሃ በጀርም ተመርዞም ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ ሆዳቸው ካለው ውሃ ትንሽ በመርፌ ልውሰድ ቢል እሺ በሉት። ትኩሳት ከመጣ፣ ደም ካስታወኩ፣ ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ስትቀሰቅሷቸው አልነቃ ካሉ ግን በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው።

እስከዚያው አንድ ደብተር ግዢላቸው። በየጠዋቱ ቀኑን፣ ስማቸውን ይጻፉበት፤ ከሥሩ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ይሣሉ። ፊደሉ መንሻፈፍ፣ የኮከቡ ጫፍ አልገጥም ማለት ሲጀምር አፋቸው ከመወላገዱ በፊት ታውቂያለሽ። ሐኪሙ ጋ ስትሄዱ ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ።

አንድ ያልጠየቅሽኝን ልጨምር። አንቺም እናትሽም ወንድም እህቶችሽም ለሄፓታይተስ ቢ ተመርመሩ። ክትባቱ በአገራችን ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለደ ሰው በልጅነቱ አላገኘውም። ነፃ የሆነ ይከተባል፣ የተገኘበት ክትትል ይጀምራል።