ለቅሶ የማይደረስበት ሀዘን

«ከተጋባን 6 ዓመት ሆነን፣ ልጅ የለንም። የእህቴ ልጅ ክርስትና ላይ ታምሜያለሁ ብዬ ቀረሁ። ባሌ ደግሞ ምንም አይሰማውም፣ እኔ ሳለቅስ እሱ ዜና ያያል። ቅናተኛ ሆኜ ይሆን?»

ውድ እህቴ፣ አልሆንሽም። የክርስትናውን ልብስ ገዝተሽ የላክሽው አንቺ ነሽ፤ ደብዳቤሽ ላይ በአንድ መስመር ብቻ አለፍሽው እንጂ ጽፈሽዋል። ይሄ ሀዘን ነው። እኛ ጋ ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ዕድርተኛው ይመጣል፣ ጎረቤት አብሮ ያመሻል። አንቺ ግን የወር አበባሽ በመጣ ቁጥር መታጠቢያ ቤት ቆልፈሽ ታለቅሺና ፊትሽን ታጥበሽ ወጥተሽ ቡና ታፈያለሽ። 6 ዓመት 72 ወር ነው። ለቅሶ የደረሰሽ የለም፤ የሚመጣውም «ዘንድሮስ?» እያለ ሆድ ሆድሽን ያያል። አሜሪካ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመ ጥናት፣ መውለድ ያልቻሉ ሴቶች ጭንቀትና ድብርት ከካንሰር ታማሚዎች ጋር እንደሚቀራረብ አሳይቷል። አላጋነንሽም።

አሁን ቅር እንዳይልሽ። ደብዳቤሽ መሀል «ማታ ሲመጣ መኪናውን አጥፍቶ ግቢ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይቀመጣል፣ እኔን ላለማየት ነው» ብለሻል። እዚህ ጋ ስደርስ ቆምኩ፣ ደግሜ አነበብኩት። እዚያ ቁጭ ብሎ ምን እንደሚያስብ ጠይቀሽው ታውቂያለሽ? «ወንድ ልጅ አያለቅስም» እየተባለ ያደገ ሰው የሚያለቅስበት ቦታ የለውም። ላንቺ መታጠቢያ ቤቱ እንደሆነው ለእሱም መኪናው ይሆናል። ላይሆንም ይችላል፣ ሰውየውን አላውቀውም። ግን ሀዘንን በእንባ ብቻ ስለለካሽው የእሱን ሳትቆጥሪለት ቀርተሽ እንዳይሆን እፈራለሁ። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሀዘንተኛ ተቀምጦ አንዱ ሌላውን «እግዜር ያጽናሽ» ሳይለው ስንት ዓመት ይኖራል?

አንድ ማታ ውጪና አጠገቡ ቁጭ በይ። ዝም ብትሉም ምንም አይደል።

ስላንቺ ምርመራ ሁሉንም ነግረሽኛል፣ ስለ እሱ ግን አንድም ቃል የለም። ከግማሽ በሚጠጋው ችግር ላይ የወንዱም ጤና ድርሻ ስላለው ሐኪም ጋ አብራችሁ ሂዱ። እንቅልፍ እምቢ ካለሽ ወይም መኖር ካስጠላሽ ግን የሥነ ልቦና ባለሙያ በአካል አግኚ፣ ዛሬ ነገ አትበይ፤ እንዲህ ያለው በደብዳቤ አይጨረስም።

የሚቀጥለው ክርስትና ላይ መሄድ ካልቻልሽ አትሂጂ። ለእህትሽ ግን ደውዪና «ያን ቀን ታምሜ አልነበረም» በያት።