የመጀመሪያው የናፍታ ባቡር ምን ነካው?

ትናንት አንድ ወንድማችን የመጀመሪያውን የናፍታ ባቡር ፎቶ ለጥፎ «1200 የፈረስ ጉልበት ይዞ ለምን በሁለት ዓመት ተጣለ?» ብሎ ጠይቋል። ጎንደር ባቡር የለም፤ እኔም የባቡር ሰው አይደለሁም። ግን ዕድሜዬን የጨረስኩት አዘዞ ጋራዥ ውስጥ ናፍታ ሞተር ስፈታ ነው። የዚያ ባቡር በሽታ ደግሞ ሊማሊሞ ላይ እኔንም አግኝቶኛል።

ያኔ ረዳት ነበርኩ። አሮጌ ፊያት፣ ጢም ብሎ የተጫነ። ከዛሪማ ወጥተን ደባርቅ ለመግባት ጥቂት ጥምዝ ሲቀረን ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀው የፍሪሲዮን ፔዳል ወለሉ ላይ ተኝቶ ቀረ። ሞተሩ ከጎማው አልላቀቅ አለ። መኪናው ሲቆም ሞተሩም ጠፋ። ዘልዬ ታኮ አደረግኩ። ሾፌሩ «ግድ የለም» ብሎ በአንደኛ ማርሽ እንዳለ ቁልፉን አዞረ። ሞተር የሚያስነሳው ሞተሪኖ ያን ሁሉ ጭነት ይዞ አንድ ሁለት ክንድ ገፋን። ሞተሩ ግን ወይ ፍንክች! በሦስተኛው ሙከራ ባትሪው አለቀ። የማታ ማታ ሌላ መኪና ጎትቶ አወጣን፤ ውለታውን ደባርቅ ላይ በጥብስ ከፈልን።

የናፍታ ሞተር ፈልሳፊው የእነ ሩዶልፍ ዲዝል ባቡርም ከዚህ አይለይም። እ.ኤ.አ. በ1912 ከስዊዘርላንዱ ሱልዘር ፋብሪካ ጋር ነው የሠሩት። 95 ቶን ገደማ ይመዝናል። ፍሪሲዮን የለው፣ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) የለው፤ ሞተሩ በዘንግ በቀጥታ ከመንኮራኩሩ ጋር ታስሯል። ናፍታ ሞተር ደግሞ አየሩን ጨምቆ ካላጋለ አይቀጣጠልም። ስለዚህ በታመቀ አየር እየገፉ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ካስሮጡት በኋላ ነበር ናፍታ የሚለቁለት። ለዚህ አየር ብቻ 250 የፈረስ ጉልበት ያለው ሌላ ሞተር ተሸክሟል። የእኛ ሞተሪኖ መሆኑ ነው።

ከተነሳ በኋላም ጣጣው አያልቅም። ዳገት ላይ መንኮራኩሩ ሲዘገይ ሞተሩም አብሮ ይዘገያል፤ ጉልበት በሚፈለግበት ሰዓት ይከዳል። የእንፋሎት ባቡር ግን ቆሞም ይገፋል። ዲዝል ራሱ በ1913 ወደ እንግሊዝ በመርከብ ሲሻገር ሌሊት ጠፋ፤ ባቡሩም በ1914 ተተወ።

«ታዲያ ፍሪሲዮን ለምን አልገጠሙለትም?» ያልከው ወንድሜ፣ 1200 ፈረስ የሚችል ፍሪሲዮን ያኔ ከየት ይመጣል? ሊማሊሞን ወጥቶ እኔ ጋ የሚመጣው ተራ አይሱዙ እንኳ ስንት ጊዜ ፍሪሲዮኑ ከሰል ሆኖ ነው የማወርደው! መላው የተገኘው በሌላ በኩል ነው። በ1924 ሎሞኖሶቭ የተባለ ሩሲያዊ መሐንዲስ ጀርመን ውስጥ ባሠራው ባቡር ሞተሩ ጄኔሬተር ብቻ ያዞራል፤ መንኮራኩሩን የሚያዞረው ኤሌክትሪክ ነው። ሞተሩ እንደ ወፍጮ ቤት ሞተር በራሱ ፍጥነት ይሠራል፤ ባቡሩ ቢቆምም አይጠፋም። ከለገሃር ድሬዳዋ ይመላለሱ የነበሩት የፈረንሳይ ዲዝሎችም እንደዚሁ ነበሩ። የእነሱን ሾፌር ፍሪሲዮን አሳየኝ ብትለው ይስቅብሃል።