ጄት ጀልባ ወይስ ባለ ፕሮፔለር?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣ የሀዋሳ ልጅ ነኝ። ከወንድሜ ጋር ሆነን ከፍቅር ሐይቅ እየተነሳች ሰው የምታዝናና፣ ጉማሬ ምናምን የምታሳይ ትንሽ ጀልባ ልንገዛ ብር እያጠራቀምን ነው። ውጪ ያለው የአክስታችን ልጅ ጄት ግዙ፣ ፕሮፔለር ስለሌላት ሰው አትቆርጥም፣ ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይም ትሄዳለች እያለ ጭንቅላታችንን አዞረው። ወንድሜ ደሞ ፕሮፔለር ይሻላል ባይ ነው። ማንን ልስማ?

መልስ፦ ወንድምህን ስማ። የአክስትህ ልጅም አልዋሸም፣ ግን ሌላ ውሃ እያሰበ ነው የሚያወራው። ጄት ጀልባን ለወግ ያበቃው ቢል ሃሚልተን የሚባል የኒውዚላንድ ሰውዬ ነው፣ በፈረንጆቹ 1950ዎቹ፣ የሀገሩ ወንዞች ጠጠር የሞላባቸውና ስስ ስለሆኑ ፕሮፔለር አላስኬድ ሲለው ውሃውን ከጀልባዋ ሆድ ስር እየሳበ በኋላ በኩል በኃይል የሚተፋ ፓምፕ ገጠመላት። ለእንደዛ አይነት ወንዝ ጄትን የሚያክል የለም።

የሀዋሳ ሐይቅ ላይ ግን የሚያስቸግረው ድንጋይ ሳይሆን መረብ፣ ሳርና ፌስታል ነው። አንዴ አሞራ ገደል አካባቢ የአሳ መረብ ገመድ ፕሮፔለራችን ላይ ተጠምጥሞ ቆመን ቀረን፣ ሞተሩን ወደ ላይ ገልብጠን በቢላ ቆራርጠን ጨረስን፣ ዳር ላይ የቆሙት አባ ኮዳዎች እንኳን ብዙም ሳይታዘቡን ሄድን። ፓምፑ ሆዷ ውስጥ የተገጠመ ጄት ብትሆን ገመዱ በመሳቢያው ገብቶ ውስጥ ያለው ዘንግ ላይ ይጠመጠማል፣ መሳቢያው ደሞ ያለው ከስር ነው፣ እና ማን ጉማሬ ባለበት ውሃ ውስጥ ወርዶ እጁን ይሰዳል?

ሌላው ጉልበት ነው። ሐይቁ ያለው ከባህር ወለል ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ አየሩ ስለሚሳሳ ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሳሪያ) የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ በግምት 3 በመቶ ጉልበት ያጣል፣ ስለዚ 40 ፈረስ ጉልበት ብለህ የገዛኸው እዚ ወደ 34 ይወርዳል። በዛ ላይ ፕሮፔለሩን አውልቀህ ጄት ስትገጥምለት ደግሞ 30 በመቶ ገደማ ይበላሃል፣ በቃ 24 ቀረህ፣ ስምንት ሰው ጭነህ እየተንፏቀቅክ ቤንዚን ማቃጠል ነው፣ ቤንዚን ደሞ እንደምታውቀው ነው። ባለ ፕሮፔለር ከገዛህም ፒቹ (በአንድ ዙር ወደፊት የሚገፋው ርቀት) አነስ ያለ ፕሮፔለር ጠይቅ፣ ሞተሩ ሳይጨነቅ ዙሩን እንዲያገኝ።

ሰው አትቆርጥም ያለው ግን ትልቅ ነጥብ ነው፣ ዳር ዳሩን ህፃናት ይዋኛሉ። ቢሆንም ጄትም የራሷ ጣጣ አላት፣ ነዳጅ መስጫውን (ጋዙን) ስትለቅ መሪው አይታዘዝህም፣ ምክንያቱም የሚያዞራት የሚተፋው ውሃ ራሱ ነው። ጉማሬ ከፊትህ ብቅ ሲል የማንም ሰው እጅ መጀመሪያ የሚያደርገው ጋዝ መልቀቅ ነው፣ ጀልባዋ ቀጥ ብላ ወደሱ! የፕሮፔለር ሞተር እግሩ ውሃ ውስጥ ስላለ ጋዝ ብትለቅም ትንሽ ይታዘዛል። ስለዚ ፕሮፔለሩን ግዛና ዙሪያውን መከለያ አስገጥምለት፣ ፍጥነት ትንሽ ይቀንሳል፣ ይቀንስ። ሰው ሲወርድና ሲሳፈር ሞተሩን አጥፋው፣ ማርሹ ገለልተኛ ላይ ነው ብለህ እንዳትተማመን። የሞተር ማጥፊያውን ገመድ (ብትወድቅ ተመዝዞ ሞተሩን የሚያጠፋውን) እጅህ ላይ እሰረው፣ ብዙ ሰው ሞተሩ ላይ አንጠልጥሎት ነው የሚነዳው፣ ለምን እንደሆነ እኔ አይገባኝም።